በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ አትክልት ማልማት፦ ከዕቃ ምርጫ እስከ ለቀማ

በባልዲና በጀሪካን አትክልት ለማልማት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ምን ልትከል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ተራው ገና ነው። መሬት ላይ የበቀለ ተክል አፈሩ ሲደርቅበት ሥሩን ወደ ታች ሰዶ እርጥበት ይፈልጋል፤ ምግብ ሲያጥረውም ወደ ጎን ይዘረጋል። ባልዲ ውስጥ የተተከለው ግን የሚሄድበት የለውም፤ የሚጠጣውም የሚመገበውም እርስዎ ያስቀመጡለትን ብቻ ነው። ስለዚህ የበረንዳ አትክልት መልማቱንና መጥፋቱን ከሁሉ በላይ የሚወስኑት የዕቃው መጠን፣ የአፈሩ ድብልቅና የውኃ አሰጣጡ ናቸው፤ ዘሩ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በአዲስ አበባ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት ባላት በረንዳ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኝ ጣቢያ የገዛኋቸውን ጤናማ የቲማቲም ችግኞች በወተት ዱቄት ጣሳ፣ ከግንባታ ቦታ በወሰድኩት ጥቁር አፈር ተከልኳቸው። ለሦስት ሳምንት ያህል ለመለሙ። ከዚያ በኋላ ግን ቅጠላቸው ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ፤ አፈሩም በደረቀ ቁጥር እየተሰነጠቀ ከጣሳው ግድግዳ ስለሚላቀቅ የማጠጣው ውኃ በስንጥቁ ቁልቁል ወርዶ ሥሩን ሳያርስ ያልቅ ነበር። አንድም ፍሬ ሳላይ ነቀልኳቸው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በበረንዳዬ ደጋግሜ የሠራሁበትን መንገድ በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ሲሆን፣ የተዘጋጀውም ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላለው የአዲስ አበባ አየር ነው። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ያለ አንባቢ የውኃውን መጠን መጨመር፣ ለቅጠላ ቅጠሉም ጥላ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

አንደኛ፦ የበረንዳዎን ፀሐይ ይለኩ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ወገን አትቆይም። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ አራተኛ ሳምንት ድረስ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ታጋድላለች፤ በቀሩት ወራት ደግሞ ወደ ደቡብ ትሄዳለች፣ በታኅሣሥም ከአናታችን ወደ 32 ዲግሪ ያህል ትርቃለች። ከዚህ የተነሣ ወደ ደቡብ የሚያይ በረንዳ በበጋ ፀሐይ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባለታል፤ ወደ ሰሜን የሚያየው ግን በበጋ ጥላ ነው፣ ክረምት ላይም ፀሐይዋ እጅግ ከፍ ስለምትልና ሰማዩ ስለሚደመን ብዙ ብርሃን አያገኝም። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚመረጠው ወደ ምሥራቅ የሚያየው ነው፤ የጠዋቱ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ይደርሰዋል፣ የከሰዓቱ ንዳድ ደግሞ አያገኘውም። ወደ ምዕራብ የሚያይ በረንዳ ለቲማቲምና ለቃሪያ ጥሩ ቢሆንም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ግድግዳውና ወለሉ ስለሚግሉ የዕቃዎቹን ጎን በኬሻ መሸፈን ያስፈልጋል።

ግምትን ከማመን መለካት ይሻላል። ሰማዩ በጠራ በአንድ የዕረፍት ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት በየሰዓቱ ፀሐይ የደረሰበትን የወለል ክፍል በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ለቲማቲምና ለቃሪያ ይሆናል። አራት አምስት ሰዓት የሚያገኘው ለካሮት፣ ለቀይ ሥርና ለነጭ ሽንኩርት፣ ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ የሚያገኘው ደግሞ ለሰላጣ፣ ለቆስጣና ለጎመን ይመደብ። ከሦስት ሰዓት በታች በሚያገኝ በረንዳ ላይ ቲማቲም መሞከር ድካም ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ክብደቱንና ጎረቤትዎን ያስቡ

በአፈር ተሞልቶ ውኃ የጠጣ ባለ 20 ሊትር ዕቃ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ እንዲህ ያሉ አሥር ዕቃዎች ወደ ሦስት ኩንታል ይጠጋሉ ማለት ነው። በረንዳው ከሕንፃው ወደ ውጭ የወጣ ከሆነ ከባድ ከባዱን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አስጠግተው፣ ቀላል ቀላሉን ወደ አጥሩ ያድርጉ። ከአጥሩ ውጭ ባልዲ ማንጠልጠል ግን በምንም መንገድ አይገባም፤ ከሦስተኛ ፎቅ የወደቀ አነስተኛ ማሰሮ ሰው ይገድላል። በበረንዳው ወለል ወይም ጣሪያ ላይ የሚሰፋ ስንጥቅ ካዩም የሕንፃ ባለሙያ ሳያማክሩ ክብደት አይጨምሩ።

ሌላው የውኃው ጉዳይ ነው። በሁለተኛው ዓመት ከእኔ ባልዲዎች የፈሰሰ ቡናማ ውኃ ከታች ባለው በረንዳ የተሰጣ ነጭ ነጠላ አበላሽቶ ነበር። የነጠላው ባለቤት እናት ወደ እኔ ወጥተው፣ «ልጄ፣ አትክልቱስ ደስ ይላል፤ ውኃህ ግን ወደ እኔ ነው የሚወርደው» ሲሉኝ እጅግ አፈርኩ። ይቅርታ ጠይቄ ነጠላውን አሳጠብኩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ሳሕን አስቀምጣለሁ፣ ቆስጣ በቀነጠስኩ ቁጥርም አንድ እስር ለእትዬ ይደርሳቸዋል። ሳሕን መግዛት ካልተቻለ የአሮጌ ጀሪካን ጎን ቆርጦ መጠቀም ይቻላል። ለማንኛውም ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ከታች ላለው ጎረቤት መንገር መልካም ነው።

ሦስተኛ፦ ዕቃ ይምረጡ

የዕቃው ትልቁ መለኪያ ጥልቀቱ ነው። ለሰላጣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ቆስጣ፣ ጎመንና ቀይ ሥር 25፣ ካሮት 30 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋሉ። ቃሪያ ለአንድ ተክል ከ10 እስከ 15 ሊትር፣ ቲማቲም ደግሞ ለአንድ ተክል ቢያንስ 20 ሊትር አፈር ይገባዋል። በአንድ ባልዲ ሁለት ቲማቲም መትከል ያጓጓል፤ ውጤቱ ግን ሁለት የተራቡ ተክሎችና ከአንዱ የሚያንስ ፍሬ ነው።

በየቤቱ ከሚገኘው ሁሉ ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን የሚወዳደረው የለም። አንገቱን ቆርጠው ቢያቆሙት ለቲማቲም፣ አጋድመው የላይኛውን ጎን ቢከፍቱት ለሰላጣና ለቆስጣ ይሆናል። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ጀሪካን ግን ፀሐይ ቶሎ ስለሚሰብረው፣ በውስጡም አረንጓዴ ዝቃጭ ስለሚያበቅል በኬሻ ይጠቅልሉት። በውኃ የሚበጠበጥ ቀለም የነበረበት ባልዲ በሚገባ ታጥቦ ማገልገል ይችላል፤ የፀረ ተባይ ኬሚካል፣ የሞተር ዘይት ወይም የአሲድ ዕቃ ግን ስንት ጊዜ ቢታጠብ ምግብ አይበቀልበትም። ከአትክልት ተራ የሚገኝ የእንጨት ሣጥን ውስጡ ፕላስቲክ ተነጥፎበትና ፕላስቲኩ ተበስቶ ለቅጠላ ቅጠል ምቹ ነው። ሸክላ ውብ ነው፣ ሥርንም ያስተነፍሳል፤ ነገር ግን በበጋ ከፕላስቲክ በጣም ፈጥኖ ስለሚደርቅ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አልመክረውም። የመኪና ጎማንም ለበረንዳ አልደግፍም፤ ከባድ ነው፣ ይግላል፣ ቦታም ይፈጃል።

ከዕቃው ሥር የትንሽ ጣት ያህል ስፋት ያላቸውን ከስድስት እስከ ስምንት ቀዳዳዎች ይብሱ። በጋለ ብረት የሚበሱ ከሆነ የፕላስቲክ ጭሱ ስለሚጎዳ ሥራውን ደጅ ላይ ያከናውኑ። ብዙ ሰው ውኃ እንዲወርድ ብሎ ከሥር ጠጠር ይሞላል፤ ይህ ልማድ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ትላልቅ የጠጠር ክፍተቶች በቀላሉ አያልፍም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር እስኪጨቀይ ድረስ ይቆማል፣ ስለዚህ ጠጠሩ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ረግረጉን ወደ ሥሩ ማቅረብ ነው። በቀዳዳዎቹ ላይ አፈር እንዳያመልጥ የአሮጌ አጎበር ቁራጭ ማንጠፍ ይበቃል። ዕቃውንም በጡብ ስባሪ ላይ አስቀምጠው ከወለሉ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት።

አራተኛ፦ አፈሩን ያዘጋጁ

ጊዜዎንና ገንዘብዎን የሚያጠፉበትን አንድ ነገር ይምረጡ ብባል አፈሩን እላለሁ። በአዲስ አበባ ዙሪያ በብዛት የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር ለጤፍና ለሽምብራ የተመሰገነ ቢሆንም ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፤ በባልዲ ውስጥ ብቻውን አይሆንም። ለእኔ የሠራልኝ ድብልቅ ሁለት ባልዲ የተነፋ ቀይ አፈር፣ ሁለት ባልዲ የበሰለ ኮምፖስት ወይም የከረመ የከብት ፍግ፣ አንድ ባልዲ የታጠበ የወንዝ አሸዋ ነው። ከመረሬ ሌላ አፈር ካልተገኘ መረሬውን ወደ አንድ ባልዲ ቀንሰው ኮምፖስቱን ወደ ሦስት ያሳድጉ።

ፍጉ ቢያንስ ሦስት አራት ወር የከረመ ይሁን። መብሰሉ በጠረኑ ይታወቃል፤ የበሰለ ፍግ ዝናብ የነካው መሬት ዓይነት ጠረን ሲኖረው፣ ያልበሰለው አፍንጫን ይሰነፍጣል፣ እጅ ሲገባበትም ይሞቃል። ያልበሰለ ፍግ የችግኝ ሥር ያቃጥላል። አሸዋውን ከግንባታ ቦታ ሲወስዱ ሲሚንቶ ያልተቀላቀለበት መሆኑን ያረጋግጡ። አፈር ከመንገድ ዳር፣ ከጋራዥ አካባቢና ከአቃቂ ወንዝና ገባሮቹ ዳርቻ አያምጡ፤ እነዚህ ወንዞች በፋብሪካና በቤት ፍሳሽ እንደተበከሉ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፣ በእነሱ የለማ ቅጠላ ቅጠል ላይም ከባድ ብረታ ብረት በጥናት ተገኝቷል። ብዙዎቻችን በገዛ በረንዳችን ቆስጣ ማብቀል የጀመርንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሆኖ ሳለ አፈሩን ከዚያው ማምጣት ልፋትን ከንቱ ያደርጋል።

ድብልቁ መስተካከሉን ለማወቅ ጥቂት ውኃ አርከፍክፈው በእጅዎ ይጨብጡት። እጅዎን ሲከፍቱ ቅርጹን ይዞ ቆይቶ በጣት ሲነኩት የሚፈርስ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ጭቃ ከተጣበቀ አሸዋና ኮምፖስት፣ ጭራሽ ካልተያያዘ ቀይ አፈር ይጨምሩ። ቀጥሎ አንድ ዕቃ ሞልተው አንድ ሊትር ውኃ ያፍስሱበት፤ ውኃው ከሁለት ደቂቃ በላይ ላዩ ላይ ከቆመ አሁንም ከባድ ነው። ዕቃውን ሲሞሉ ከአፉ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይተዉ፣ አለዚያ ሲያጠጡ አፈሩ እየታጠበ ይፈሳል።

ኮምፖስት በዚያችው በረንዳ ላይ መሥራት ይቻላል። ክዳን ያለውን ባልዲ ጎንና ጎኑን በስተው የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊትና የቡና አተላ ያስገቡ፤ በአንድ እጅ እርጥብ ላይ ሁለት እጅ ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀደደ ካርቶን ይጨምሩ፣ በየሳምንቱም ያገላብጡት። በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ከሦስት እስከ አራት ወር ይወስዳል። ዘይት የነካው ወጥ፣ ሥጋና ወተት አይጥና ሽታ ስለሚያመጡ አይገቡም። በየዕለቱ ቡና በሚፈላበት ቤት አተላው ይበዛልና ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ እንዳያልፍ ይጠንቀቁ፤ አተላ በጥሬው በአፈሩ ላይ በወፍራሙ ሲፈስም ደርቆ እንደ ቅርፊት ስለሚሆን ውኃ ይከለክላል።

አምስተኛ፦ ምን፣ መቼ?

ለጀማሪ የምመክረው ቆስጣን ነው። ከተዘራ ከ50 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሳል፤ ውጭ ውጩን ቅጠል እየቀነጠሱ መሐሉን ከተዉለት ለወራት ይሰጣል፣ ብርድም ጥላም ይችላል። በአንድ ባለ 20 ሊትር የተጋደመ ጀሪካን ሦስት ሥር ይበቃዋል። በኅዳር መጨረሻ የተዘራ ቆስጣ በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ቤቱን ያጠግባል፤ በሰኔ መጀመሪያ የተዘራው ደግሞ ለፍልሰታ ይደርሳል። የሀበሻ ጎመንም አያያዙ ተመሳሳይ ነው። ሰላጣ ከ45 እስከ 60 ቀን ይፈልጋል፤ በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መዝራት ሁሉም በአንድ ቀን ደርሶ እንዳይባክን ይረዳል።

ካሮት ተዛውሮ መተከል አይወድም፤ እዚያው በሚያድግበት ዕቃ ይዘራል። ለመብቀል ከ10 እስከ 20 ቀን ስለሚቆይ አፈሩ ላይ እርጥብ ኬሻ ይሸፈናል፣ የመጀመሪያው ቡቃያ እንደታየም ኬሻው ይነሣል። ሲያድግ በአምስት ሳንቲ ሜትር ርቀት ማሳሳት ግድ ነው፤ መንቀሉ ያሳዝናል፣ ካልተነቀለ ግን የሚገኘው ቅጠል ብቻ ነው። የቀይ ሥር አንዱ ዘር በእርግጥ የብዙ ዘሮች ጥቅል ስለሆነ ከአንድ ቦታ ሦስት አራት ቡቃያ ይወጣል፤ ጠንካራውን ብቻ ያስቀሩ። መስከረምና ጥቅምት ለሁለቱም የተመቹ ወራት ናቸው።

ቲማቲም የጊዜ ምርጫ ከሁሉ በላይ የሚፈትነው ተክል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ አበባው ይረግፋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ በእርጥብና ቀዝቃዛ አየር የሚዛመተው፣ ድንችንም የሚያጠቃው፣ ቅጠልና ግንድን የሚያጠቁር በሽታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጨርሰዋል። ከሁለቱ መካከል የሚገኘው መንገድ ዘሩን በጥር መጀመሪያ ማፍላት፣ በየካቲት አጋማሽ ማዛወርና በግንቦት መልቀም ነው፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያሉት ወራት የከተማዋ ሞቃት ወራት ናቸው። ቁመቱ የሚወሰን እንደ ሮማ ያለ ዝርያ ለባልዲ ይስማማል። ቃሪያም በዚሁ የጊዜ ሰሌዳ ይሄዳል፣ ብቻ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝ፣ በሶብላና ጤና አዳም በትንንሽ ዕቃዎች ይሆናሉ። ጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ከውኃ ብዛት እንጂ ከጥማት አይሞቱም።

ስድስተኛ፦ ዘር ማፍላትና ማዛወር

ዘር ሲገዙ በማሸጊያው ላይ የታተመውን የአገልግሎት ጊዜ ያንብቡ፤ በመርካቶ በሚዛን ተቆንጥሮ የሚሸጠውን ከገዙ ደግሞ አስቀድመው ይፈትኑት። አሥር ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለው በፕላስቲክ ከረጢት ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡ፤ በአሥር ቀን ውስጥ ሰባትና ከዚያ በላይ ካቆጠቆጡ ዘሩ ደህና ነው፣ ከአምስት በታች ከሆነ ግን ሌላ ይፈልጉ።

ለማፍያ የሃይላንድ ፕላስቲክ የታችኛው ግማሽ ተበስቶ ያገለግላል። በነፉት አፈር ሞልተው ዘሩን የራሱን ውፍረት ሁለት ሦስት እጥፍ በሚሆን ጥልቀት ይዝሩ፣ በእርጭት ያጠጡ። ቡቃያው እንደወጣ ወዲያው ወደ ብርሃን ያውጡት፤ ጥላ ውስጥ የቆየ ችግኝ ቀጥኖ ይረዝማል፣ እንዲህ ያለው ችግኝም በኋላ አይቃናም። አራት ወይም አምስት እውነተኛ ቅጠል (መጀመሪያ ከሚወጡት ሁለቱ ቀጥሎ የሚመጡትን) ሲያወጣ ለአንድ ሳምንት ቀን ቀን ደጅ፣ ማታ ማታ ቤት እያደረጉ አየሩን ያለማምዱት፤ ከዚያም ፀሐይ ሲበርድ ከ10 ሰዓት በኋላ ያዛውሩት። ቲማቲምን ብቻ ከታች ያሉትን ቅጠሎች ቆርጠው ግንዱን እስከ ቀሪዎቹ ቅጠሎች ድረስ በአፈር ይቅበሩት፤ ከተቀበረው ግንድ አዲስ ሥር ያወጣል። ድጋፍ የሚሆነውን እንጨትም ሥር ሳይበዛ በዚያኑ ቀን ይትከሉ።

ሰባተኛ፦ ውኃ

በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መጠን አጠጡ የሚለውን ምክር አይከተሉ። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ወደ አፈሩ ይስደዱ፤ ከሥር እርጥበት ከተሰማዎት ይተዉት፣ ደረቅ ከሆነ ከሥር በቀዳዳው ጠብ እስኪል ድረስ ያጠጡ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ላዩን ማርጠብ ሥሩን ወደ ላይ ይስባል፣ ላይ የቀረ ሥር ደግሞ በአንድ ሞቃት ቀን ይደርቃል። ጠዋት ማጠጣት ይመረጣል፤ ማታ የረጠበ ቅጠል ሌሊቱን በብርድ ስለሚያድር በሽታ ይጋብዛል። ውኃውን ከቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከግርጌው ያፍስሱ፣ ሳሕኑ ላይ የተጠራቀመውንም ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይድፉት።

በበጋ አንድ ያደገ ቲማቲም በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር፣ አንድ ጀሪካን ቆስጣ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይጠጣል። ስለዚህ አሥር ዕቃ ያለው ሰው በቀን ከአንድ ጀሪካን ያነሰ ውኃ ይበቃዋል፤ ቧንቧው በየሦስት ቀኑ በሚመጣበት ሰፈር ግን ከቤቱ ፍጆታ ለይቶ ሦስት ጀሪካን ማስቀመጥ አለበት። ሩዝና አትክልት የታጠበበት፣ ጨው ያልገባበት የፓስታ ውኃ ከበረደ በኋላ ይጠቅማል። በረኪናና ኦሞ የገባበት ግን አይሆንም።

ውኃን ለመቆጠብ ሁለት ነገሮች እውነተኛ ለውጥ ያመጣሉ። አንደኛው ጉዝጓዝ ነው፦ የጤፍ ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል በአራት ሳንቲ ሜትር ውፍረት አፈሩ ላይ ማልበስ፣ ግንዱን ግን እንዳይነካ ማድረግ። ሁለተኛው ሃይላንድ ነው፦ ክዳኑን በመርፌ ሁለት ሦስት ቦታ በስተው፣ ቂጡን ቆርጠው፣ በአፉ በኩል ከተክሉ አጠገብ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ይቅበሩትና ውኃ ይሙሉት፤ ቀስ እያለ በቀጥታ ወደ ሥሩ ይሰርጋል። ለሁለት ቀን ወደ ክፍለ ሀገር ስሄድ አትክልቴን የምተወው በዚህ ነው።

በክረምት ችግሩ ይገለበጣል። ዝናብ የሚመታቸውን ዕቃዎች ወደ ውስጥ ያስጠጉ፣ ሳሕኖቹን ያንሡ፤ በረዶ የሚጥል ደመና ሲያዩም ሰላጣውን ቀድመው ያስገቡ፣ አምስት ደቂቃ በረዶ የሁለት ወር ልፋት ይቆራርጣል።

ስምንተኛ፦ ማዳበሪያ

በድብልቁ ውስጥ ያለው ኮምፖስት ለስድስት ሳምንት ያህል ይመግባል። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ የፍግ ውኃ ይስጡ፦ አንድ ኪሎ የከረመ ፍግ በአሮጌ ጨርቅ ቋጥረው በአሥር ሊትር ውኃ ለአንድ ሳምንት ይዘፍዝፉ፣ ከዚያ የሻይ መልክ እስኪይዝ በንጹሕ ውኃ አቅጥነው ከግርጌ ያጠጡ። በጥሬው በሚበላ ሰላጣ ቅጠል ላይ ግን አያፍስሱት። ዩሪያ የሚጠቀም ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ በአሥር ሊትር ውኃ አሟሙቶ በእርጥብ አፈር ላይ ያጠጣ፣ ከዚህም አያብዛ፤ የበዛ ዩሪያ ቲማቲምን ቅጠል በቅጠል አድርጎ ፍሬ ያሳጣል። ከአፈሩ ላይ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ከታየ የጨው ክምችት ነውና በብዙ ንጹሕ ውኃ አንድ ጊዜ ያጥቡት።

የቲማቲም ፍሬ ከታች በኩል ጠቁሮ ሲበሰብስ ብዙ ሰው መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። መነሻው በአብዛኛው ተባይ ሳይሆን የውኃ መዛባት ነው፤ አንድ ቀን ደርቆ አንድ ቀን የጠገበ ተክል ካልሲየም ወደ ፍሬው ማድረስ አይችልም። ውኃው ሲስተካከል ቀጣዮቹ ፍሬዎች ጤናማ ይሆናሉ።

ዘጠነኛ፦ ተባይ

ጠዋት ጠዋት የቅጠሉን ሆድ መገልበጥ ከመድኃኒት ሁሉ ይበልጣል። በጎመንና በቃሪያ ቀንበጥ ላይ የሚርመሰመሰው ክሽክሽ ገና ሲታይ በጣት ይደመሰሳል ወይም በውኃ ግፊት ይታጠባል፤ ከበዛ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና አሟሙተው የቅጠሉን ሁለት ገጽ ወደ ማታ ይርጩ፣ በማግሥቱ በንጹሕ ውኃ ያጥቡ፣ ከአምስት ቀን በኋላም ይድገሙት። ጉንዳኖች ግንዱን ሲመላለሱበት ካዩ ክሽክሽ አለ ማለት ነው፤ ጣፋጭ ፈሳሹን ፍለጋ ይጠብቁታልና። ነጭ ቢራቢሮ በጎመን ላይ ስታርፍ ከታየች ከቅጠሉ ሥር ቢጫ ዕንቁላሏን ፈልገው ያጥፉ። ቡቃያን ከወፍ የሚያድነው በቀጫጭን እንጨት ላይ የተወጠረ አሮጌ አጎበር ነው፣ ቢራቢሮዋንም አብሮ ይከለክላል። አጎበሩ ግን በፀረ ወባ መድኃኒት የተነከረ ከሆነ ምግብ ላይ አይዋል። ለቤተሰብ በሚቀነጠስ ቅጠል ላይ ለእርሻ ማሳ የተሠራ የኬሚካል መርጫ መጠቀም አያስፈልግም።

አሥረኛ፦ ለቀማና አፈሩን ማደስ

ቆስጣና ጎመን በጠዋት፣ ጤዛው ሲደርቅ ይቀነጠሱ። በአንድ ጊዜ ከቅጠሉ አንድ ሦስተኛ በላይ አይውሰዱ። ሰላጣ ከመሐሉ ግንድ ማውጣት ሲጀምር ስለሚመር በዚያው ሳምንት ይቆረጥ። ቲማቲም ግማሹ ሲቀላ ተለቅሞ ቤት ውስጥ ቢበስል ጣዕሙ አይጎዳም፣ ከወፍም ይድናል።

አንድ ዕቃ ምርቱን ሲጨርስ አፈሩን አይጣሉት። ሥሩን ነቅለው፣ አፈሩን በፕላስቲክ ላይ ዘርግተው፣ ለሁለት ሳምንት በፀሐይ ያድርቁት፤ ከዚያም በአራት እጅ አፈር አንድ እጅ አዲስ ኮምፖስት ቀላቅለው ይመልሱት። ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ስለሆኑ አንዱ በነበረበት አፈር ሌላው ቢያንስ ለአንድ ዓመት አይተከል፤ በቦታው ቆስጣ ወይም ካሮት ይግባ። በበሽታ ጠቁሮ የሞተ ቲማቲም የነበረበት ዕቃ ደግሞ በበረኪና ታጥቦ፣ በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ ይድረቅ፤ ተክሉም ወደ ኮምፖስቱ ባልዲ ሳይሆን ተጠቅልሎ ወደ ቆሻሻ መጣያው ይሂድ። በእያንዳንዱ ዕቃ ጎን የተዘራበትን ቀንና የዘሩን ስም በማርከር ይጻፉበት፤ በሚቀጥለው ጥር ቲማቲም ለማፍላት ሲቀመጡ የትኛው ባልዲ ምን አብቅሎ እንደነበር የሚነግርዎ ይኸው ጽሑፍ ነው።